ስንት ኩንታል ይበቃናል?

አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ማገዶ አልቆባት ባዶዋን ልትቀር ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት የእንጦጦና የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶ፣ ለምሰሶና ለአጥር ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም በዘመኑ ልማድ ከተማቸውን ነቅለው ደን ወዳለበት ሊሄዱ ተነሡና በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ኋላ ሐሳቡ ተለወጠ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ከተማዋም እዚሁ ቀረች። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

የዕድገት ገደብ በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ እንደ ማስተባበያ ይቀርባል። «ያኔም አለቀልን ተብሎ ነበር፤ ሰው መላ አያጣም» ይባላል። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚነገረው ግን ግማሹ ነው። አንድ የሐበሻ ጥድ ለምሰሶ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ባሕር ዛፍ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ይቆረጣል፣ ከጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን እንጨት አበዛው፣ ሄክታሩን ግን አላበዛውም። ከተማዋ ስታድግ የእንጦጦ ባሕር ዛፍም አልበቃ አለ። ከሰል ከሩቅ ቆላ መጣ፣ ነጭ ጋዝ ከባሕር ማዶ መጣ፣ መብራት ከወንዞች መጣ። በእያንዳንዱ ጊዜ ገደቡ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ነዋሪ ዓይን እየራቀ ሄደ። ዛሬ የመሀል ከተማው ገደብ ያለው በሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ፣ በስምጥ ሸለቆ ወንዞች አሸዋና በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ ማደግ አለባት። ይህን የሚጠራጠር ሰው በየቀኑ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈውን ሰው አላየም። ችግሩ ዕድገትን የምንጽፈውና የምናከብረው በመቶኛ መሆኑ ነው። መቶኛ «ይበቃል» የሚባልበት ቦታ የለውም። ሊትር፣ ኩንታል፣ ካሬ ሜትርና ኪሎዋት ሰዓት ግን አላቸው።

መቶኛ ምን እንደሚያደርግ ለማየት 70ን ለዕድገቱ መጠን ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ኢኮኖሚው እጥፍ እስኪሆን የሚወስደው ዓመት ነው። የአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድ በዓመት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ዕድገት ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ በየሰባት ዓመቱ እጥፍ ማለት ነው። በዚሁ ፍጥነት ሰባ ዓመት፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል፣ ቢቀጥል 800 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ያን ያህል ዘመን በ10 በመቶ የሚያድግ አገር የለም፣ ትክክል። እንግዲያው የበለጸጉት አገሮች ጤናማ የሚሉትን 3 በመቶ እንውሰድ፤ እሱም በሰባ ዓመት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዓለም በዓመት ከምድር የሚያወጣው ማዕድን፣ ነዳጅ፣ አሸዋና ሰብል በ1970 እ.ኤ.አ. 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ አሁን ከ100 ቢሊዮን ቶን አልፏል። ሳይንቲስቶች የምድርን ጤና ከሚለኩባቸው ዘጠኝ ወሰኖች ስድስቱ መጣሳቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። ይህ ሁሉ የሆነው ገና ስምንት እጥፉ ሳይጀመር ነው።

ኃይሉ ንጹሕ ቢሆንስ? ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት ኃይል ወደ 18 ቴራዋት፣ ማለትም 18 ትሪሊዮን ዋት ነው። በዓመት 2.3 በመቶ ብቻ ቢያድግ በየመቶ ዓመቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። በአራት መቶ ዓመት አሥር ሺህ እጥፍ፣ ማለትም 180,000 ቴራዋት ገደማ። ከፀሐይ ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃን በጠቅላላው ከዚህ አይበልጥም። አራት መቶ ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ከፋሲል ግንብ እስከ ዛሬ ያለው ዘመን ነው። ምንም ዓይነት ቴክኖሎጂ ይህን ቁጥር አይቀይረውም፤ የተጠቀምንበት ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነውና።

ነገሩን ወደ ሳይት እናውርደው። አንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 የሚባል የጥንካሬ ደረጃ ያለው አርማታ በአገራችን አሠራር 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ፣ 0.8 ሜትር ኩብ ገደማ ጠጠርና 180 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። በካዛንቺስ ወይም በሰንጋ ተራ የሚነሣ ሕንፃ የአንዱ ወለል ስፋት 200 ካሬ ሜትር፣ የሶሌታው፣ ማለትም የአርማታ ወለሉ፣ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለዚያ ሶሌታ ብቻ 40 ሜትር ኩብ አርማታ ይሞላል። 144 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 20 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 32 ሜትር ኩብ ጠጠር፣ ከ7,000 ሊትር በላይ ውኃ፣ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢታሰብ 4 ቶን ፌሮ። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሲሰላ አሸዋው ከአንድ ምልልስ ይበልጣል፣ ጠጠሩ ሁለት ነው። መሠረቱ፣ ኮለኑ፣ ቢሙና ደረጃው ገና አልተቆጠሩም። ሶሌታው ከተሞላ በኋላም ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት አለበት። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህ ውኃ በቦቴ ይገዛል፤ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ይቀራል። በአግባቡ ውኃ ያልጠጣ ሶሌታ ላዩ ይሰነጠቃል፣ የታቀደለትን ጥንካሬም ሳያገኝ ይቀራል።

አሸዋው የሚመጣው ከመተሐራ፣ ከቆቃ፣ ከመቂና ከላንጋኖ አካባቢ ነው። ለአርማታ የሚሆነው ወንዝ ያመጣው፣ ጠርዝ ያለው አሸዋ ነው፤ ነፋስ ያንከባለለው የበረሃ አሸዋ ድቡልቡል ስለሆነ በደንብ አይያያዝም። ወንዝ አሸዋውን የሚተካው ደግሞ በራሱ ጊዜ፣ በክረምት ጎርፍ ነው። ከሚተካው በላይ ሲዛቅበት የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ የድልድዩ እግር ይራቆታል፣ በዳር ያለው የገበሬ የውኃ ጉድጓድ ይደርቃል። ይህን የሜክሲኮ አደባባይ መንገደኛ አያየውም። እዚህ የሚታየው ምልክት አሸዋው አፈር እየበዛበት መምጣቱ ነው።

ፎርማኖች የሚያውቁት ቀላል ሙከራ አለ። አሸዋውን በጠርሙስ ውስጥ በጨው ውኃ በጥብጦ ለጥቂት ሰዓት ማስቀመጥ። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ደለል ከ6 በመቶ ከበለጠ በአገሪቱ ደረጃ መሠረት አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ጥሩ አሸዋ ባጠረበት ሰሞን ግን የሚመልሰው የለም፤ የሚቀጥለው መኪናም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ደለሉ ሲሚንቶው ጠጠሩን እንዳይይዝ ያደርጋል፣ ውኃም ይመጥጣል። ሠራተኛው «ደረቀ» ብሎ ውኃ ይጨምራል። ውኃ ሲበዛ ጥንካሬ ይወርዳል። ያን ለማካካስ ሲሚንቶ ይታከላል። ሀብት የሚያልቀው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ድንገት ባዶ አይሆንም፤ በመጀመሪያ ጥራቱ ይወርዳል፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚፈለገው ሌላ ሀብት ደግሞ ይጨምራል። መዳብም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚቆፈረው የመዳብ ዓለት በአማካይ ከመቶ ኪሎ አንድ ኪሎ እንኳ አይገኝም፣ የቀረው ተፈጭቶ የሚጣል ነው።

ሲሚንቶው ላይ ያለው ገደብ የኬሚስትሪ ነው። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር ሲሆን፣ ንጹሕ ከሆነ ከክብደቱ 44 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ምድጃው በድንጋይ ከሰል ቢነድም በሕዳሴ ግድብ መብራት ቢነድም ያ ጋዝ አይቀርም፤ የሚወጣው ከድንጋዩ ነውና። ከአንድ ቶን ክሊንከር ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ገደማ፣ ከነማገዶው 0.8 ቶን ያህል ይወጣል። ማሻሻያ አለ። ፒፒሲ ሲሚንቶ የክሊንከሩን ከፊል በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል። ከዚያም አልፎ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ የተጠበሰ ሸክላ አፈርና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በመቀላቀል ክሊንከሩን ወደ ግማሽ ማውረድ ይቻላል፤ ጋዙም እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ይህ በአገራችን ፋብሪካዎች በቶሎ መለመድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ግን ሒሳቡ ይሠራ። የሲሚንቶ ፍጆታ በዓመት 10 በመቶ ካደገ 40 በመቶ ያዳነው ቴክኖሎጂ አምስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ይበላል። በስድስተኛው ዓመት ልቀታችን ከተነሣንበት በላይ ነው፤ የሸክላው ዘዴ ደግሞ አንዴ ተጠቅመንበታል፣ ሁለተኛ የለም።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ ይህን በ1865 እ.ኤ.አ. አይቶታል። የእንፋሎት ሞተር በትንሽ ከሰል ብዙ መሥራት ሲችል የአገሩ የከሰል ፍጆታ ጨመረ፤ ርካሽ የሆነ ነገር ብዙ ቦታ ይገባልና። በእኛም መንገድ ላይ ይኸው እየሆነ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉ ለውጭ ምንዛሪም ለሳምባም ይበጃል፣ እደግፈዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ የሚይዘው ቦታ የቀድሞው መኪና የሚይዘውን ያህል ነው፤ በውስጡ ያለው መዳብም 80 ኪሎ ገደማ፣ ከቤንዚን መኪናው ሦስት እጥፍ በላይ ነው። የመቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ ወጪው ሲረክስ ባለ መኪናው ይበዛል እንጂ አያንስም። ባቡርና አውቶቡስ ያልቀደሙበት የመኪና ለውጥ ሰልፉን ከጭስ ወደ ጸጥታ ይለውጠዋል፣ ያ ብቻ ነው።

«ታዲያ እንደገና እንጠቀም» ይባላል። ለዚህ ከማንም በላይ ምስክር የሚሆኑት ቁራሌዎቹና የመርካቶው ምናለሽ ተራ ናቸው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ የፈረሰ ቤት ቆርቆሮና በር እዚያ አልፎ ሌላ ቤት ይሆናል። ሙያቸው ክብር ይገባዋል፤ ከተማዋ ስትፈርስና ስትሠራ እነሱን ወደ ዳር መግፋቷ ትልቅ ስሕተት ነው። ብረትን ከቁርጥራጭ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀው ኃይል ሲሶ ያህል ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ያግደዋል። አንደኛው መቀላቀል ነው። የሞተር ጥቅልልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይለይ አብሮ ከቀለጠ መዳቡ በብረቱ ውስጥ ይቀራል፤ በማቅለጫው ውስጥ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ያለ ብረት በትኩሱ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ መለየቱ መሠራት ያለበት ከምድጃው በፊት፣ በሰው እጅ ነው። ሁለተኛው የመቶኛው ጉዳይ ነው። ዛሬ በሕንፃ ውስጥ የገባ ፌሮ የሚመለሰው ሕንፃው ሲፈርስ፣ በደንብ ከተሠራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ፍጆታው በዓመት 10 በመቶ ካደገ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚፈለገው ብረት የዛሬው 117 እጥፍ ነው። ዛሬ የገባው አንድ ግራም ሳይጎድል ቢመለስ እንኳ ከሚፈለገው አንድ በመቶ አይሞላም። በ3 በመቶ ዕድገት ቢሆን 23 በመቶውን ይሸፍናል። ዑደቱ የሚገጥመው ፍጆታው ማደጉን ሲያቆም ብቻ ነው።

ይህን ክርክር ለኢትዮጵያዊ መንገር ግፍ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አንድ አሜሪካዊ ወደ 14 ቶን። «አቁሙ» የሚባል ካለ የሚባለው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው፤ በዓመት እንዲሰጥ የታቀደው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ለ130 ሚሊዮን ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው 120 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይደርሳል። የኃይል ባለሙያዎች ለዘመናዊ ኑሮ አነስተኛ ብለው የሚያቀርቡት በሰው 1,000 ነው። ማለትም በቂ የሚባለው ጋ ለመድረስ ብቻ የስምንት ሕዳሴ ያህል ኃይል ያስፈልገናል። አሜሪካዊው ከ12,000 በላይ ይጠቀማል፤ ይህን ለሁላችን የሚሰጥ ወንዝ የለም።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች፣ 120፣ 1,000 እና 12,000፣ ከማንኛውም የመቶኛ ዜና የበለጠ ይነግሩናል። ምን ያህል እንደሚጎድለን ያሳያሉ፣ የት መቆም እንደሚገባም ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ኃይሉ የሚሄደው ወዴት ነው የሚል ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት ባላገኘበት አገር ክሪፕቶ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ለሚያመርቱ የሚሸጠው ኃይል በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ዕድገት ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት በሰው ሲለካ ግን አንድም ቤት አያበራም። የሚያስገኘው ዶላር ይጠቅማል ሊባል ይችላል፤ ዶላሩ ስንት ሺህ ሜትር የመስመር ሽቦ ሆኖ ወደ ገጠር እንደወጣ አብሮ ይነገር።

ውኃ ላይ ደግሞ መጠን መጻፍ እንደምንችል አስቀድመን አሳይተናል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች በቀን ለአንድ ሰው 100 ሊትር ብሎ ጽፎ ነበር። ይህ እንደ መቶኛ አይሸሽም፤ ወይ ደርሷል ወይ አልደረሰም። የአዲስ አበባ ውኃ ከገፈርሳ ተነሥቶ ወደ ለገዳዲ፣ ከዚያ ወደ ድሬ፣ ከዚያ ወደ አቃቂ ጉድጓዶች እየራቀና እየጠለቀ ሄዷል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 300 ሜትር ከፍታ ለማውጣት በፊዚክስ ሕግ 0.82 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የፓምፑ ብቃት 65 በመቶ ከሆነ 1.26። የጉድጓዱ ውኃ በ50 ሜትር በወረደ ቁጥር 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመርበታል። የከርሰ ምድር ውኃ የሚተካው በክረምት ዝናብ ነው፤ እኛ ደግሞ ዝናቡ የሚሰርግበትን አፈር በአስፋልትና በሴራሚክ እየሸፈንን ነው። ቢያንስ የእግረኛ መንገዱና የመኪና ማቆሚያው ከሥሩ አሸዋ ያለው ኮብልስቶን ይሁን፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልተሞላ ውኃ ያሳልፋል።

ጣሪያም አለ። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝ ከተማ የ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚባክነው ሃያ በመቶ ተቀንሶ፣ 88,000 ሊትር ያህል ይሰበስባል። ችግሩ ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ ነው፤ 10,000 ሊትር ታንከር በሦስት ወይም በአራት ኃይለኛ ዝናብ ይሞላና ሌላው ይፈሳል። ስለዚህ ለመጠጥ ሳይሆን ለመታጠቢያ፣ ለሽንት ቤትና ለሳይት ሥራ ቢውል ይሻላል። የየዝናቡ የመጀመሪያ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር፣ ከ100 ካሬ ሜትር 100 እስከ 200 ሊትር፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ መለቀቅ አለበት። ይህን የዘነጋ ታንከር በሁለተኛው ወር ይሸታል፣ ባለቤቱም ዘዴው አይሠራም ብሎ ይተወዋል።

በሰንጋ ተራና በለገሃር ዙሪያ የቆሙት የመስታወት ሕንፃዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ኤር ኮንዲሽነር የማይፈልግ አየር ተሰጥቶናል። ሙሉውን ወደ ምዕራብ በመስታወት የተሸፈነ ቢሮ ግን ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል፣ ለማቀዝቀዝም መብራት ይበላል። መስታወቱ ከውጭ ይመጣል፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ከውጭ ይመጣል፣ ሁለቱም በዕድገት ይቆጠራሉ። ፍላጎቱን ራሳችን ፈጠርነው። ከግድግዳው ስፋት ሠላሳ ወይም አርባ በመቶ መስኮት፣ በላዩ የሚያጠላ ሶሌታ፣ በሁለት ወገን የሚከፈት መስኮት፤ ይኸው ነው የሚያስፈልገው።

ለመሆኑ ዕድገት የምንለው ምን ይቆጥራል? መቶ ዓመት የቆመ የፒያሳ የድንጋይ ቤት ሲፈርስ የአፍራሹ ክፍያ ይደመራል፣ የፍርስራሹ ማጓጓዣ ይደመራል፣ በቦታው የሚሠራው ይደመራል። ቤቱ ሊያገለግል ይችል የነበረው ቀሪ ዘመን ከየትም አይቀነስም፤ በ«ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት» ላይ «ጥቅል» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይህ ነው፣ እርጅናና ጥፋት ሳይቀነስ ማለት። የብሔራዊ ገቢን ስሌት ለአሜሪካ ምክር ቤት ያዘጋጀው ሳይመን ኩዝኔትስ በ1934 እ.ኤ.አ. የአገር ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ሊነበብ እንደማይችል አስጠንቅቋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መመናመን እንደ ማምረቻ ወጪ እንዲቀነስ ይላል። የእኛም ስታቲስቲክስ ይህን ሳይዘገይ ቢይዝ የአሸዋውና የኖራ ድንጋዩ ጉድለት በሒሳቡ ላይ ይታያል።

የገባው ሁሉ መውጣቱም አይቀርም። ከመሀል ከተማው የሚወጣው ቆሻሻ መድረሻው ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። አጠገቡ የተሠራው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት እንዲሰጥ ነበር። የእኛ ቆሻሻ ግን አብዛኛው እርጥብ የምግብና የቅጠል ትርፍ ነው፤ በውስጡ ያለውን አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን ብቻ 2.26 ሜጋጁል ይጠፋል። እርጥቡ ከየቤቱ ተለይቶ ለኮምፖስትና ለባዮጋዝ መሄድ አለበት፤ ሲቀላቀል ለሁለቱም አይሆንም።

ከሁሉ የሚቀለው ቁጠባ ዕድሜ ማርዘም ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሚቆም ሕንፃ ሃምሳ እንዲቆም ከተደረገ፣ ያንኑ ያህል ቤት ለማኖር የሚያስፈልገው ሲሚንቶ በግማሽ ይወርዳል፣ አንድም አዲስ ፋብሪካ ሳይተከል። ቁልፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በፌሮውና በአርማታው ፊት መካከል 25 ሚሊ ሜትር ሽፋን ሊኖር ሲገባ፣ ፌሮውን አርማታው ከሚሞላበት ካሳ ፎርማ የሚያርቁት ትናንሽ የሲሚንቶ ጡቦች ሳይቀመጡ ይቀሩና ሽፋኑ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ አርማታውን ዘልቆ ፌሮው ጋ ይደርሳል፤ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በከተማዋ በረንዳዎች ሥር ቡናማ መስመርና የተላጠ ኖራ ያየ ሰው ይህን አይቷል። ከመሞላቱ በፊት ሜትር ይዞ ሽፋኑን የሚለካ ተቆጣጣሪ ለአገሪቱ የሚያተርፈው ኩንታል ብዙ ነው።

የግንባታ ፈቃድ ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ይታከል። ሕንፃው ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ስንት ሜትር ኩብ አሸዋ ይፈጃል? ስንት ሰው ያኖራል ወይም ያሠራል? ስንት ዓመት እንዲቆም ነው የተነደፈው? የማፍረሻ ፈቃድም ያንኑ ይጠየቅ፤ የሚፈርሰው ቤት ስንት ዓመት ቀርቶት ነበር? ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ መጠኑ በየፕሮጀክቱ የሥራ መጠን ዝርዝር፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ በሚባለው ውስጥ ተሠልቶ ተቀምጧል፣ የሚቀረው መደመር ነው። ኩንታሉን ለሰውና ለዓመት ስናካፍለው በሰው በዓመት ስንት ኩንታል የሚል ቁጥር ይወጣል። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚወጣውና ለአንድ የመስታወት ማማ የሚወጣው ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ከተማዋ ከዚህ በላይ ያለውን አልፈቅድም የምትልበትን መስመር ምክር ቤቱ በግልጽ ይወስን። የአሸዋው ድምር ደግሞ በየሩብ ዓመቱ በሲኖ ምልልስ ተቆጥሮ ለአዋሽና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ አስተዳዳሪዎች ይላክ፤ እነሱም ክረምቱ መልሶ ያመጣውን ለክተው፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ስንት ሲኖ ሊጫን እንደሚችል ለከተማዋ ይመልሱላት።